የኮምፒውተር ሥራዎችን ቅድሚያ በትዕዛዝ መስመር መወሰንና ማረጋገጥ

ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሰርቨር በአንድ ጊዜ በርካታ ሥራዎችን ያከናውናል። በአንድ በኩል ባለጉዳይ በመስኮት ቆሞ የሚጠብቀውን መረጃ ይፈልጋል፤ በሌላ በኩል የመጠባበቂያ ቅጂ ያዘጋጃል፣ ሪፖርት ያጠናቅራል። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ፕሮሰሰር ላይ ሲሻሙ የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ የባለጉዳዩ ሥራ ይሆናል። ሊኑክስ በተሰኘው ሥርዓተ ክወና የሲስተም ባለሙያው የትኛው ሥራ ተራውን ለሌላው እንደሚለቅ ሊወስን ይችላል። ይህ ጽሑፍ ውሳኔው እንዴት እንደሚሰጥና መፈጸሙ እንዴት እንደሚረጋገጥ ያብራራል። የትዕዛዞቹ ስም እዚህ በድምፁ የተጻፈ ሲሆን፣ ሲተየቡ ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው።

የናይስ ዋጋ ምንነት

በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ፕሮሰስ ይባላል። እያንዳንዱ መደበኛ ፕሮሰስ ከ-20 እስከ 19 የሚደርስ የናይስ ዋጋ አለው፤ የተለመደው መነሻ 0 ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ደግ፣ ለሌላው የሚያስብ እንደማለት ነው። በመሆኑም ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፕሮሰሱ ለሌሎች ይለቅቃል፤ ዝቅ ባለ መጠን ደግሞ ይቀድማል።

ሁለት ሥራዎች በአንድ የፕሮሰሰር ኮር ላይ ያለማቋረጥ ቢሻሙና አንዱ 0፣ ሌላው 10 ቢሆን፣ የመጀመሪያው 90 በመቶ ያህሉን ጊዜ ያገኛል። ተሻሚ በሌለበት ጊዜ ግን ዋጋው 19 የሆነ ሥራም ኮሩን ሙሉ በሙሉ ይጠቀማል። ስለዚህ አስቸኳይ ያልሆነውን ሥራ ዝቅ ማድረግ አስቸኳዩን ከፍ ከማድረግ የተሻለ ነው፤ ማሽኑ ሥራ በፈታበት ሰዓት የሚባክን ነገር አይኖርም።

ቅድሚያን መወሰን

1. አዲስ ሥራ ሲጀመር። ናይስ (ኤን፣ አይ፣ ሲ፣ ኢ) የተባለው ትዕዛዝ ከሥራው ትዕዛዝ ፊት ይጻፋል፦
ናይስ -ኤን 10 የሥራው ትዕዛዝ
ቁጥር ካልተሰጠ 10 ይወሰዳል። ከዚህ ሥራ የሚወለዱ ፕሮሰሶችም ዋጋውን ይወርሳሉ። በክሮን አማካኝነት በተወሰነ ሰዓት ለሚነሱ ሥራዎችም ይኸው አሠራር ያገለግላል።

2. ሥራው ከተጀመረ በኋላ። ሪናይስ (በናይስ ፊት አር እና ኢ ተጨምረው) የፕሮሰሱን መለያ ቁጥር ይቀበላል፦
ሪናይስ -ኤን 10 -ፒ 4321
ትዕዛዙ ሲሳካ የቀድሞውንና አዲሱን ዋጋ ያሳያል።

መደበኛ ተጠቃሚ በተለመደው አሠራር የራሱን ሥራ ዋጋ መጨመር እንጂ መቀነስ አይችልም፤ አንዴ የጨመረውንም መልሶ ዝቅ ማድረግ አይፈቀድለትም። ዋጋን መቀነስ የሩት ተጠቃሚው ሥልጣን ነው።

ውጤቱን ማረጋገጥ

ማረጋገጥ ሊታለፍ የማይገባው ተግባር ነው። መደበኛ ተጠቃሚ በናይስ -5 ቢጠይቅ ትዕዛዙ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ ሥራውን ግን ባልተለወጠ ዋጋ ያስጀምረዋል። ማስጠንቀቂያውን ያላየ ባለሙያ የጠየቀው የተፈጸመ ሊመስለው ይችላል። ለማረጋገጥ የሚከተለው ይተየባል፦
ፒኤስ -ኦ ፒአይዲ,ኤንአይ,ኮም -ፒ 4321
ኤንአይ በሚለው ዓምድ ሥር የሚታየው ቁጥር የናይስ ዋጋው ነው። ቶፕ (ቲ፣ ኦ፣ ፒ) የተባለው ትዕዛዝ ሁሉንም ፕሮሰሶች በየጊዜው እያደሰ ያሳያል፤ በዚያው ገጽ አር የሚለውን ፊደል በመጫን ዋጋን መቀየር ይቻላል። ፒአር በሚለው ዓምድ የሚታየው የመደበኛ ፕሮሰስ ቁጥር የናይስ ዋጋው ላይ 20 ተደምሮበት የሚገኝ ነው።

ሊታወቁ የሚገባቸው ገደቦች

• የናይስ ዋጋ የሚመለከተው የፕሮሰሰር ጊዜን ነው። መዘግየቱ ከዲስክ ንባብና ጽሑፍ የመጣ ከሆነ አይኦናይስ የተባለው ትዕዛዝ ሊያግዝ ይችላል፤ ውጤቱ ግን ለዲስኩ በተመረጠው መርሐ ግብር አውጪ ይወሰናል።
• የሪፖርት ፕሮግራሙን ዝቅ ማድረግ ለሪፖርቱ የሚሠራውን የዳታቤዝ ሰርቨር ዝቅ አያደርግም፤ ሁለቱ የተለያዩ ፕሮሰሶች ናቸው።
• በሊኑክስ የናይስ ዋጋ ለእያንዳንዱ ትሬድ የተለየ ነው። ብዙ ትሬድ ያለው ፕሮግራም ከተነሳ በኋላ ሪናይስ በፕሮሰሱ ቁጥር ሲሰጥ ዋናውን ትሬድ ብቻ ሊለውጥ ስለሚችል፣ ሲጀመር በናይስ ማስነሳት ይመረጣል።
• አውቶግሩፕ የተባለው አሠራር በሚሠራበት ማሽን የናይስ ዋጋ የሚነጻጸረው በአንድ ሴሽን ውስጥ ባሉ ፕሮሰሶች መካከል ነው።

በአጠቃላይ፣ በሥራ ሰዓት የግድ መከናወን ያለበት ከባድ ሥራ በናይስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ተጀምሮ፣ ዋጋው በፒኤስ ተረጋግጦ፣ የአገልግሎት መስኮቱ ፍጥነትም አብሮ ሊታይ ይገባል። ቁጥሩ ተለውጦ የባለጉዳዩ ጥበቃ ካላጠረ መንስኤው ሌላ ቦታ ስለሚሆን፣ ቀጣዩ ፍተሻ በዲስኩና በዳታቤዙ ላይ ይደረጋል።