ካሳ

«ካሳ» ከ«ካሰ» የወጣ ቃል ነው፤ የጎደለን መተካት፣ የተበደለን መካስ ማለት ነው። ልጅ ሞቶባት ደግማ የወለደች እናት ካሳ፣ ካሳሁን ብላ ስም የምታወጣው ለዚህ ነው። በቃሉ ውስጥ ልመና የለም፤ ምጽዋትም የለም።

ይህን የማነሳው አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በመኪና አደጋ ተጎድተው «ወረቀት የለኝም፤ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?» እያሉ መብታቸውን ስለሚተዉ ነው። ካሳ የሚከፈለው ለደረሰው ጉዳት እንጂ ለመኖሪያ ፈቃድ አይደለም። በካሊፎርኒያ ከ2017 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ፣ በአካል ጉዳትና በሞት ካሳ ክርክር የተጎጂው የኢሚግሬሽን ሁኔታ በማስረጃነት እንዳይቀርብ ከልክሏል።

ብዙ ሐበሻ በሚኖርባቸው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ተጎጂው ለአደጋው ጥቂት እንኳ ጥፋት ከተገኘበት ካሳውን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። የኛ ሰው ደግሞ ተገጭቶም «ይቅርታ» ማለት ይቀናዋል። የገጪው ኢንሹራንስ ደውሎ ድምፅዎን ልቅረጽ ሲል፣ «እኔም ትንሽ ፈጠን ብዬ ነበር» ያለ ሰው ያቺው ቃሉ ትቀርብበታለች። ለገጪው ኢንሹራንስ የተቀረጸ ቃል የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ ጠበቃ ላማክር ማለት ይችላል። «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ሰነድ ከተላከለትም ሕክምናው ሳያልቅ አይፈርም።

ክስ የሚመሠረትበት ጊዜ በመደበኛው በካሊፎርኒያና በቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ በሜሪላንድ 3 ዓመት ነው።