ንጉሡ ከሴቶች ገበታ የተቀመጠበት ዕለት

ስለ ሃዋይ ደሴቶች የሚጽፉ አያሌ ሰዎች የጥንቱ አምልኮ የወደቀው ከአሜሪካ በመጡት የወንጌል ሰባክያን ትጋት ነው ብለው ያልፋሉ፤ የዘመኑን ቅደም ተከተል አስተካክሎ ለተመለከተ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ሆኖ አይገኝም። ሰባክያኑን የጫነችው ታዴዎስ የተባለችው መርከብ ከቦስተን ወደብ የተነሣችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 23 ቀን 1819 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)። መርከቢቱ ገና በአትላንቲክ ማዕበል ስትንገላታ፣ ደሴተኞቹ ራሳቸው ጣዖቶቻቸውን ከመንበራቸው አውርደው፣ ቤተ አምልኳቸውን በእሳት ማቃጠል ጀምረው ነበር። የዚህም ሁሉ መነሻ አንድ የንጉሥ ግብር ነበረ።

ከሃዋይ እስከ ኒውዚላንድ፣ በምሥራቅም እስከ ፋሲካ ደሴት ድረስ በተዘረጋው ሰፊ ውቅያኖስ ተበትነው የሚኖሩት ፖሊኔዥያውያን፣ በከዋክብት መውጫና መግቢያ፣ በማዕበል አመጣጥና በባሕር ወፎች አበራረር እየተመሩ፣ ሁለት ሁለቱን ባጣመሩት ታንኳ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የተሻገሩ ሕዝብ ናቸው። ምንም እንኳ እንዲህ ቢራራቁ፣ የአማልክቶቻቸው ስምና የሥርዐታቸው ጠባይ ይመሳሰላል፤ ከዚህም ሥርዐት ዋናው የቶንጋ ሰዎች ታፑ፣ የሃዋይ ሰዎች ካፑ የሚሉት ሕግ ነው። ካፑ ቅዱሱን ከተርታው፣ መኰንኑን ከባላገሩ፣ ወንዱን ከሴቲቱ የሚለይ ክልከላ ሲሆን፣ መሠረቱ ማና የተባለው፣ ከአማልክት በዘር ሐረግ ወደ አለቆች የሚወርድ ኀይል ነበረ። ይህ ኀይል ባልተገባ ንክኪ ይረክሳል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ ሕጉን የጣሰ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ሞት ነበር።

ከካፑ ሁሉ ይልቅ በየቤቱና በየዕለቱ የሚታየው የመብል ካፑ ነው። በጾምና በፍስክ ሥርዐት ያደገ አንባቢ የመብል ሕግ በሰው ሕይወት ምን ያህል ሥር እንደሚሰድ ለመገመት አይቸገርም፤ የሃዋዩ ሕግ ግን ወራትን ሳይሆን ጾታን የሚለይ በመሆኑ፣ ፍስክ የሌለው ጾም በሴቶች ላይ ተጭኖ ይኖር ነበር ማለት ይቻላል። የዐሣማ ሥጋ፣ ኮኮነት፣ የባሕር ኤሊ፣ አብዛኛው የሙዝ ዓይነትና አንዳንድ የዓሣ ዘር ለሴት እርም ነበሩ። ባል ከሚስቱ ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም። ወንዶች የሚበሉበት፣ የቤተ ሰቡም ጣዖት የሚቆምበት ቤት ለብቻው ነበር፤ ወንድ ልጅም አምስት ስድስት ዓመት ሲሆነው ከእናቱ ጕያ ተለይቶ ወደዚያ ይገባና፣ ከዚያ ወዲያ ከእርስዋ ጋር እህል አይቀምስም። የሚያበስለውም ወንዱ ስለ ነበር፣ ባል የተባለ ሁሉ ሁለት ጕድጓድ ቆፍሮ፣ ድንጋይ በእሳት አግሎ፣ በአንደኛው ለራሱ፣ በሁለተኛው ለሚስቱ ጎደሬውን በቅጠል ሸፍኖ ያበስላል። ሕጉ ሴቲቱን በረኀብ ሲቀጣ ወንዱንም በድካም ሳይቀጣው አልቀረም።

ካፒዮላኒ የተባለች የመኳንንት ልጅ በልጅነትዋ ሙዝ አምሯት፣ የምትወደውን ብላቴና ልካ አስመጥታ በስውር ብትበላ፣ ነገሩ በተገለጠ ጊዜ እርስዋ ስለ ልደትዋ ክብር ስትማር፣ ብላቴናው ግን በቤተ ጣዖት ተሠዋ ተብሎ ይተረካል። ይሁን እንጂ ሕጉ የምሕረት በር ነበረው። በሆናውናው ባሕር ዳር፣ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያለ ጭቃ የተካበ፣ ቁመቱ ወደ 4 ሜትር፣ ውፍረቱ ከ5 ሜትር የማያንስ ቅጥር ዛሬም ይታያል፤ ካፑ ጥሶ የሚሳደድ ሰው አሳዳጆቹን ቀድሞ ከዚያ ከገባ፣ ካህኑ አንጽቶ በሰላም ያሰናብተዋል።

ደሴቶቹን ጠቅልሎ በ1810 አንድ መንግሥት ያቆመው ቀዳማዊ ካሜሃሜሃ ይህን ሥርዐት እስከ ዕለተ ሞቱ አጥብቆ ጠበቀ። ሜይ 8 ቀን 1819 በካይሉአ ባረፈ ጊዜ አጽሙን ታማኞቹ በስውር አኖሩት፤ ስፍራውም እስከ ዛሬ አልታወቀም። በአገሩ ልማድ ታላቅ አለቃ ሲሞት ካፑ ይፈታ ነበር፤ ወራሹም በሞት ከረከሰው ስፍራ ርቆ ይሰነብትና፣ የሐዘኑ ወራት ሲፈጸም ተመልሶ ሕጉን ያጸናል። ይህን ልማድ ልብ ያላለ ሰው በዚያ ዓመት የሆነውን ሊረዳ አይችልም። ወራሹ ሊሆሊሆ እንደ ሥርዐቱ ወደ ካዋይሃኤ ሄዶ ሲሰነብት፣ የተፈታው ካፑ እንዳይመለስ ሁለት ሴቶች መከሩ።

የመጀመሪያይቱ የሟቹ ንጉሥ ተወዳጅ ሚስት ካአሁማኑ ናት፤ ሟቹ ንጉሥ ከልጁ ጋር አብራ እንድትገዛ ተናዟል ብላ በሕዝብ ፊት ያስታወቀችና ሥልጣኑንም የያዘች ብርቱ ሴት ናት። ሁለተኛይቱ የሊሆሊሆ እናት ኬኦፑኦላኒ ስትሆን፣ በልደት ክብር ከባልዋ ከካሜሃሜሃ እንኳ የምትበልጥ፣ ተራው ሕዝብ በፊትዋ ግንባሩን መሬት አስነክቶ የሚሰግድላት ነበረች። ካአሁማኑ ካፑን ብትጠላ አያስደንቅም፤ የመንግሥት ምክር ከሚፈጸምበት ከቤተ ጣዖት በሴትነትዋ ታግዳ ለምትኖር እንደራሴ ሕጉ የሥልጣን እንቅፋት ነበረና። ኬኦፑኦላኒ ግን ክብርዋ ሁሉ የቆመው በዚያው ሕግ ላይ ነበር፤ ይህ ሁሉ ሳለ ታናሹን ልጅዋን ካዊኬአኦሊን ጠርታ፣ በሰው ፊት ከእርሱ ጋር በላች። በእኔ ግምት ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚበልጠው ድፍረት ይህ ነው።

ሊሆሊሆ አመነታ። በኖቬምበር ወር ወደ ካይሉአ ሲመለስ ሁለት ቀን በባሕር ላይ ከወዳጆቹ ጋር ሩም የተባለውን አረቄ ሲጠጣ ሰነበተ። ለግብሩ ሁለት ገበታ በአውሮፓ ሥርዐት፣ አንዱ ለወንዶች፣ አንዱ ለሴቶች ተሰናድቶ፣ አንዳንድ የውጭ አገር ሰዎችም ተጠርተው ነበር። ንጉሡ እንግዶቹ የሚበሉትን የሚመለከት መስሎ ገበታዎቹን ጥቂት ከዞረ በኋላ፣ ድንገት ከሴቶቹ ገበታ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠና፣ የልቡ ድንጋጤ በፊቱ እየታየ፣ በችኮላ ይበላ ጀመር። የተሰበሰበው ሕዝብ አጨብጭቦ «አይ ኖአ!» እያለ ጮኸ፤ የመብል ካፑ ቀረ ማለት ነው። ከማዕድ እንደ ተነሣም ቤተ ጣዖታቱ እንዲፈርሱ ትእዛዝ ወጣ። ሊቀ ካህናቱ ሄዋሄዋ ራሱ በነገሩ ተስማምቶ፣ ያገለግለው የነበረውን አምልኮ አስቀድሞ ካቃጠሉት አንዱ ሆነ።

ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው። ካፕቴን ኩክ በ1778 ከመጣ ወዲህ ባሉት አርባ ዓመታት መርከበኞች ካፑን ሲጥሱ፣ በየመርከባቸውም የሄዱ ሴቶች እርሙን በስውር ሲበሉ፣ ሰማይ አልተናደም፤ የታሂቲ ንጉሥ ፖማሬም አምልኮውን እንደ ተወ ተሰምቶ ነበር።

ሁሉም ግን እሺ አላለም። የንጉሡ ዘመድ ኬኩአኦካላኒ፣ ካሜሃሜሃ የጦርነቱን አምላክ የኩካኢሊሞኩን ጠባቂነት በአደራ የሰጠው ሰው ነበርና፣ አደራዬን አልበላም ብሎ ሸፈተ። በዲሴምበር በኩአሞኦ በተደረገው ውጊያ ጠብመንጃ የበዛለት የመንግሥት ጦር አሸነፈው። ኬኩአኦካላኒ በጥይት ተመትቶ መቆም ቢሳነው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተዋጋ፤ በመጨረሻም በላባ ካባው ፊቱን ሸፍኖ ሞተ። ሚስቱ ማኖኖ ከጎኑ ሳትለይ ስትዋጋ ቆይታ በሬሳው ላይ ወደቀች። ካፑ ያዋረዳት ሴት ለካፑ መሞትዋን ታሪክ ጸሐፊዎች በአንድ መስመር ማለፋቸው ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ታዴዎስ በ1820 የጸደይ ወራት ሃዋይ ስትደርስ ሰባክያኑ የሰሙት የመጀመሪያ ወሬ የካሜሃሜሃ መሞትና የጣዖታቱ መቃጠል ነበር። ኬኦፑኦላኒ በ1823 ልትሞት ስትል ተጠመቀች፤ ካአሁማኑም በ1825 ተጠመቀች። አሮጌውን ክልከላ ያፈረሰችው ካአሁማኑ አዲስ ክልከላ ማውጣትዋ አልቀረም፤ የአገሩን ዘፈን ሁላን በ1830 በአደባባይ እንዳይጨፈር ያገደችው እርስዋ ናት። ሁላ በክብር ወደ ቤተ መንግሥት የተመለሰው በ1883፣ በንጉሥ ካላካዋ የዘውድ በዓል ነው።