ውዝፍ ጫና፦ ከውጥረት ዘመን በኋላ በረሃ ለመሮጥ ለሚነሡ

ውዝፍ ጫና «አሎስታቲክ ሎድ» ለሚባለው የሕክምና ስያሜ የቀረበ የአማርኛ አቻ ነው። ረዘም ላለ ጊዜ የዘለቀ ውጥረት በሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ የሚያደርሰውን ጉዳት ያመለክታል። ውጥረቱን ያመጣው ጉዳይ ቢያልፍም ጉዳቱ አብሮ አያልፍም፤ በደም ግፊት፣ በስኳር መጠን፣ በእንቅልፍ፣ በቁስል አለመጠገን ላይ ቆይቶ ይታያል። ስለ ስያሜው የምጽፈው በተለይ ለአንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ከባድ ዓመት አሳልፎ፣ ሕመምተኛ አስታሞ ወይም ሁለት ሥራ ደርቦ ሠርቶ ከርሞ፣ አሁን «ይውጣልኝ» ብሎ የብዙ ቀን የበረሃ ሩጫ ሊመዘገብ ለተነሣ ሰው።

ሐሳቡ ከየት እንደ መጣ ባጭሩ ላስቀምጥ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካዊው ዋልተር ካነን በ1920ዎቹ ሰውነት ውስጣዊ ሚዛኑን ጠብቆ የመኖር ችሎታውን «ሆሚዮስታሲስ» ብለው ሰየሙት። በ1988 ፒተር ስተርሊንግና ጆሴፍ ኤየር አንድ ነገር ጨመሩበት። ሰውነት ሚዛኑን የሚጠብቀው ባለበት ቆሞ ሳይሆን ራሱን እየለዋወጠ ነው አሉ፤ ይህንንም «አሎስታሲስ» አሉት፣ በመለዋወጥ መጽናት እንደ ማለት። ስንተኛ የደም ግፊታችን ዝቅ ይላል፣ ስንነሣ ይጨምራል። ስንደነግጥ ልብ ይፈጥናል፣ ስኳር ወደ ደም ይለቀቃል፣ የምግብ መፈጨት ጋብ ይላል። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ የጤና ምልክት ነው። በ1993 ብሩስ ማክዩዊንና ኤሊዮት ስቴላር የጠየቁት ግን ሌላ ነበር። ይህ የማስተካከል ሥራ ለወራት ሳያቋርጥ ቢቀጥል ሰውነት ምን ይከፍላል? ለዚያ ክፍያ የሰጡት ስም ነው አሎስታቲክ ሎድ።

ማክዩዊን በኒው ዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት የውጥረት ሆርሞኖች በአንጎል ላይ የሚሠሩትን ነው። ጫናው የሚጠራቀምባቸውን አራት መንገዶች ለይተዋል፦ ማንቂያው ቶሎ ቶሎ ሲደጋገም፤ ሰውነት አንዱን ነገር ደጋግሞ አይቶት እንኳ አልለመደው ሲል፤ አደጋው ካለፈ በኋላ ማንቂያው አልጠፋ ሲል፤ በመጨረሻም የውጥረት ሆርሞኖች በቂ ሆነው ሳይመነጩ ቀርተው ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ከልክ በላይ ሲሠሩ። ከአራቱ ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ሦስተኛው ነው። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ዘግቷል፣ በሽተኛው ድኗል ወይም አርፏል፣ ሥራው ተለውጧል፤ ሰውየው ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይባንናል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጠው የአድሬናል እጢ ጠዋት ከፍ፣ ማታ ዝቅ እያደረገ መልቀቅ የሚገባውን ኮርቲሶል ሥርዓቱን ስቶ ይለቃል። በ1997 ቴሬሳ ሲማንና ባልደረቦቻቸው ይህን ጫና በ10 መለኪያዎች ሰፍረውታል፤ ከእነዚህም መካከል የደም ግፊት፣ የወገብና የዳሌ ስፋት ንጽጽር፣ ኮሌስትሮልና ኮርቲሶል ይገኛሉ። ሊለካ የሚችል ነገር ነው ማለት ነው፤ ሰው ስለ ሰነፈ የሚያወራው ሰበብ አይደለም።

አሁን ስለ አማርኛው። «ስትረስ በዝቶብኛል» ወይም «ተወጥሬያለሁ» የምንለው የዛሬ ስሜታችንን ነው። «ጭንቀት» ደግሞ የልብ ጉዳይ ነው፤ ሰውየው ጭንቀቱ ለቆት፣ እየሳቀ እየተጫወተ ሰውነቱ ግን ገና ሊሆን ይችላል። «የውጥረት ክምችት» የሚል ሐሳብም አለ፤ ነገር ግን ክምችት ስንል አስበን ያስቀመጥነው ይመስላል። «ውዝፍ»ን ሁላችንም ከግብር፣ ከደመወዝና ከፍርድ ቤት መዝገብ እናውቀዋለን። ውዝፍ ግብር ያለበት ነጋዴ ዓመቱ ስለ ተዘጋ ዕዳው አይሰረዝለትም፤ የዘንድሮውን ሊከፍል ሲመጣ የአምናውም ከነቅጣቱ ይጠብቀዋል። ስያሜው ሊል የፈለገው ይህንኑ ነው። «ውዝፍ ጫናዬን ሳላቃልል ልምምድ አልጨምርም» ብሎ ለአሠልጣኙ የሚናገር ሯጭ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉ ሁኔታውን አስረዳ።

ወደ በረሃው እንሂድ። በደቡብ ሞሮኮ ሰሃራ የሚካሄደው ማራቶን ደ ሳብል፣ ማለትም «የአሸዋ ማራቶን»፣ የዚህ ዓይነት ሩጫ ዋና ምሳሌ ነው። ፈረንሳዊው ፓትሪክ ባወር በ1984 የአልጄሪያን በረሃ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን በ12 ቀን በእግሩ አቋረጠ፤ በ1986 ደግሞ 23 ሰዎች የተሳተፉበትን የመጀመሪያ ውድድር አካሄደ። ዛሬ ርቀቱ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በቀናት ተከፋፍሎ ይሮጣል። ረጅሙ የአንድ ጊዜ ጉዞ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙዎች ሌሊቱን ሲጓዙ ያድራሉ። ምግቡን፣ መኝታውንና ልብሱን ሯጩ በጀርባው ይሸከማል፤ አዘጋጆቹ የሚሰጡት ውኃና ድንኳን ነው። ሯጩ ለአንድ ቀን ቢያንስ 2000 ኪሎ ካሎሪ የሚሆን ምግብ እንዲይዝ ይገደድ ነበር። በአሸዋ ላይ ሸክም ይዞ የሚሮጥ ሰው ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ያቃጥላል፤ ቦርሳው እንዳይከብድ ሲሉ ግን ብዙዎች ከዝቅተኛው መጠን ብዙም አይርቁም። ስለዚህ በየቀኑ ካስገባው በላይ እያወጣ ነው የሚውለው።

ሙቀቱ አንዳንድ ዓመት ወደ 50 ዲግሪ ይጠጋል። በዚህ ጊዜ ልብ ለሚሮጠው ጡንቻም፣ ሙቀት ለሚያስወጣው ቆዳም ደም ማድረስ አለበት፤ ለሁለቱ ሲል ከአንጀት ይቀንሳል። በበረሃ ሩጫ ማቅለሽለሽና ማስመለስ የበዛው በአመዛኙ ለዚህ ነው። ማታ ብርድ ነው፣ ድንኳኑ የጋራ ነው፣ እንቅልፉ የተቆራረጠ ነው። ኮርቲሶል፣ አድሬናሊን፣ ስኳር ከጉበት፣ የልብ ሩጫ፦ ከባዱ ዓመት ሌት ተቀን ያሠራቸው እነዚሁ ናቸው። ሰውነት ለችሎት ቀጠሮና ለአሸዋ ኮረብታ የተለያየ ማንቂያ የለውም።

ለዚህ ማስረጃ አለ። በ1995 ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘርና ባልደረቦቻቸው ኦሃዮ ውስጥ የመርሳት በሽታ የያዘውን ዘመዳቸውን የሚያስታምሙ 13 ሴቶችን መረጡ። በክንዳቸው ላይ ትንሽ ቁስል አበጁ፤ የማያስታምሙ 13 ሌሎች ሴቶች ላይም እንዲሁ። የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን በአማካይ 9 ቀን ያህል ዘገየ። ይህን ጥናት ሳነብ ትዝ የሚለኝ ወላጁን ለዓመታት አስታሞ፣ ከተዝካሩ በኋላ ጫማውን የሚያጠልቅ ሰው ነው። የበረሃ ሯጭ እግር በሁለተኛው ቀን ውኃ ይቋጥራል፣ በሦስተኛው ይላጣል፤ ያ ቆዳ በየሌሊቱ በጥቂቱም ቢሆን መጠገን አለበት። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲን 101 የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ተከታትሎ፣ በፈተና ሳምንታት ጉዳትና ሕመም እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። የሒሳብ ፈተና ጉልበት አይነካም፤ ተጫዋቹ ግን ጉልበቱን ይዞ ነው ፈተና ላይ የሚቀመጠው። ረጅም ሩጫም በራሱ የመከላከል አቅምን ይፈትናል። በ1983 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ኬፕ ታውን ላይ 56 ኪሎ ሜትር ከሮጡት 33 በመቶ የሚሆኑት በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት የጉንፋን ዓይነት ሕመም ሲሰማቸው፣ ካልሮጡት ግን 15 በመቶው ናቸው የታመሙት። እነዚያ አንድ ቀን የሮጡ ናቸው።

በረሃው ለምን እንደሚጠራ ይገባኛል፤ ጥሪውንም አልንቅም። ስልክ ዝም ይላል። የቀኑ ጥያቄ ውኃ፣ ጥላና እግር ብቻ ይሆናል። ውሳኔ ሲበዛበት ለከረመ ሰው ይህ ራሱ ዕረፍት ነው፤ ቀለል ያለ ሩጫ ውጥረትን እንደሚቀንስም የታወቀ ነው። ስለዚህ «አትሩጡ» የሚል ምክር የለኝም፣ ሩጡ እንጂ። የምከራከረው ስለ ጊዜውና ስለ መጠኑ ነው። ዕረፍት ፈልጎ 250 ኪሎ ሜትር በሙቀት የሚሮጥ ሰው የአምናውን ሳይከፍል የዘንድሮውን እየቆለለ ነው።

ውዝፉ የሚቃለለው በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ የሚስተካከለው እንቅልፍ ነው፤ ሌሊቱን ሳይባንኑ የሚያድሩ ሳምንታት እስኪከታተሉ ድረስ የልምምድ ርቀት መጨመር ትርጉም የለውም። ከዚያ እያወሩ ሊሮጡት የሚቻል ቀስ ያለ ሩጫ፣ በሳምንት ጥቂት ቀን፣ በደንብ እየበሉ። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የሚለካ የልብ ምት ጥሩ መካሪ ነው፤ ከተለመደው ከፍ ብሎ ለቀናት ከቆየ ሰውነት ገና ነው። ቀላል የነበረ ርቀት ሲከብድ፣ ጭረት ቶሎ አልድን ሲል፣ ጉንፋን ሲመላለስ፣ ያለ ምክንያት ቁጣ ሲመጣም እንዲሁ። ሙቀትን የማላመድ ልምምድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወስዳል፤ የደም ፈሳሽ ይጨምራል፣ ላብም ቶሎ ይጀምራል፣ በላቡ የሚወጣው ጨዉም ይቀንሳል። ነገር ግን ማላመዱም ራሱ ጫና ስለሆነ በመጨረሻ የሚመጣ እንጂ የሚጀመርበት አይደለም። በእኔ አስተያየት ከከባድ ዓመት በኋላ ለእንዲህ ዓይነት ውድድር አንድ ሙሉ ዓመት መስጠት ተገቢ ነው። ሦስት ወር ይበቃኛል የሚል ሰው ከአቅሙ ይልቅ ጉጉቱን እየለካ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

እንዲህ ዓይነት ውድድሮች ከመነሻው በፊት የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ማራቶን ደ ሳብል የልብ ምርመራ ወረቀትም ያስመጣል። ወረቀቱ የሚናገረው ልብ በዚያች ጠዋት እንዴት እንደመታ ነው፤ ባለፈው ዓመት ስንት ሌሊት ሳትተኙ እንዳደራችሁ፣ ማንን እንደቀበራችሁ፣ ስንት ሥራ ደርባችሁ እንደሠራችሁ በላዩ የለም። እባካችሁ ማስረጃውን ልታስፈርሙ ስትሄዱ ይህንን ሳትጠየቁ ንገሩ። «ውዝፍ ጫና አለብኝ፤ ለመሮጥ ደርሼ እንደሆነ አብረን እንየው» በሉ፤ ገና ነው ከተባላችሁም ምዝገባውን ለሚቀጥለው ዓመት አስተላልፉት።