የእንስሳት አካል ንቅለ ተከላ

የእንስሳት አካል ንቅለ ተከላ ከእንስሳ የተወሰደ ኩላሊት፣ ልብ፣ ጉበት ወይም ሌላ ሕያው የአካል ክፍል ለሰው የመተካት ሕክምና ነው። በሙያው ዜኖትራንስፕላንቴሽን ይባላል፤ «ዜኖስ» በግሪክኛ እንግዳ፣ ባዳ ማለት ነው። ስሙ ችግሩንም አብሮ ይናገራል። ቀዶ ሐኪሞች ደም ሥርን ከደም ሥር መስፋት ከተካኑ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ያቃታቸው ባዳውን ከሰውነት ጋር ማላመድ ነበር።

«ሕያው» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ክብደት አለው። ከአሳማ ልብ የተሠሩ ቫልቮች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለሰው ሲገጠሙ ኖረዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኬሚካል ታክመው ሕይወት አልባ ስለሚሆኑ ግን ሰውነት ያን ያህል አይዘምትባቸውም። የስኳር ሕሙማንም እስከ 1980ዎቹ ድረስ ከአሳማና ከከብት ቆሽት የተጣራ ኢንሱሊን ይወጉ ነበር። ደም እየተዘዋወረበት ሥራውን የሚቀጥል የእንስሳ አካል የእነዚህ ዓይነት ነገር አይደለም።

ሕክምናው የሚፈለግበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ለጋሽ የለም። በአሜሪካ ብቻ ከ100,000 በላይ ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ፤ አብዛኞቹ የሚጠብቁት ኩላሊት ነው። በኢትዮጵያ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀምር የተመሠረተው በሕይወት ባለ ዘመድ ልግስና ላይ ነው። የሚስማማ ዘመድ ያጣ በሽተኛ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ኩላሊት እጥበት መመላለስ ዕጣው ይሆናል።

ሙከራው የተጀመረው በ1906 ነው። ማቲዩ ዣቡሌ የተባለ የፈረንሳይ ቀዶ ሐኪም በሊዮን ከተማ የአሳማና የፍየል ኩላሊት ከሁለት ሕሙማን ደም ሥር ጋር ቀጠለ፤ ሁለቱም አልሰሩም። ከዚያ ወዲህ የታሰበው ለሰው የሚቀርበው እንስሳ ይሻላል ተብሎ ነበር። በ1963 እና በ1964 ኪት ሪምትስማ በኒው ኦርሊንስ ለ13 ሕሙማን የቺምፓንዚ ኩላሊት ተከለ። አብዛኞቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲሞቱ አንዲት መምህርት ዘጠኝ ወር ኖራ ወደ ሥራዋም ተመልሳ ነበር። በ1964 መጀመሪያ ጄምስ ሃርዲ በሚሲሲፒ የቺምፓንዚ ልብ ለአንድ ታማሚ ገጠመ። ብዙ ሰው የመጀመሪያው የልብ ንቅለ ተከላ በ1967 ኬፕታውን ላይ የተደረገው ይመስለዋል፤ ወደ ሰው ደረት የገባው የመጀመሪያው ልብ ግን የቺምፓንዚ ነበር። ለዚያ ትልቅ ሰው አነሰና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቆመ። በ1984 በካሊፎርኒያ ሎማ ሊንዳ «ቤቢ ፌይ» በሚል ስም የምትታወቅ ጨቅላ የዝንጀሮ ልብ ተተክሎላት ለ20 ቀን ያህል ኖረች። ሐኪሟ ሌናርድ ቤይሊ ከዚያ በኋላ ፊቱን ከጨቅላ ወደ ጨቅላ ወደሚደረግ የልብ ንቅለ ተከላ አዞረ።

ዝንጀሮና ቺምፓንዚ ቀስ በቀስ ከምርጫ ወጡ። ቺምፓንዚ ዘሩ እየጠፋ ያለ እንስሳ ነው፤ እንስሳት በዝርያ ለሰው በቀረቡ ቁጥርም በሽታቸው ወደ ሰው ለመሻገር ይቀለዋል። አሳማ ደግሞ በአራት ወር ገደማ ብዙ ግልገል ይወልዳል፤ አካሎቹም በመጠን ከሰው ይመጣጠናሉ። ችግሩ የከፋ ባዳ መሆኑ ነው። በአሳማ ህዋስ ላይ አልፋ ጋል የሚባል የስኳር ዓይነት አለ። ሰው ይህ ስኳር የለውም፤ በአንጀቱ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን ተመሳሳዩን ስለሚይዙ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፀረ እንግዳ አካል አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ያልተለወጠ የአሳማ ኩላሊት ተሰፍቶ የደም ሥሩ መቆንጠጫ ሲለቀቅ ለአፍታ ሮዝ ይሆንና ይዥጎረጎራል፤ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ደሙ ረግቶበት ይጠቁራል። የትኛውም መድኃኒት ይህን አይቀድመውም።

መፍትሔው የተገኘው በሽተኛውን በመድኃኒት ከማዳከም ይልቅ አሳማውን ከመለወጥ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አልፋ ጋልን የሚሠራው ዘረ-መል የጠፋባቸው አሳማዎች ተወለዱ፤ ክሪስፐር የተባለው የዘረ-መል መቁረጫ ከመጣ ወዲህ ደግሞ በአንድ እንስሳ ላይ ብዙ ለውጥ ማድረግ ተቻለ። ጥር 2022 በባልቲሞር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪም ባርትሊ ግሪፊት ለ57 ዓመት ሰው የተከለው ልብ አሥር ለውጥ ከተደረገበት አሳማ የመጣ ነበር። ሦስት የስኳር ዘረ-መሎች ተዘግተዋል፤ ስድስት የሰው ዘረ-መሎች ገብተዋል፤ አሥረኛው ለውጥ ልቡ ደረት ውስጥ እንደ አሳማ ማደጉን እንዲቀጥል የማይፈቅድ ነው። ታማሚው ሁለት ወር ኖረ። ቆየት ብሎ የአሳማ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ተገኘበት፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተደረጉት ምርመራዎች አላዩትም ነበር።

ቫይረስ የዚህ ሕክምና የጎን ጉዳይ አይደለም። አንዳንዶቹ በአሳማው ዘረ-መል ውስጥ ራሱ ተጽፈው ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለሚወርዱ በንጽሕና ብቻ አይወገዱም። ስለዚህ ነው ተቀባዩ ዕድሜ ልኩን ክትትል የሚደረግበት፣ ደም እንዳይለግስ የሚነገረው። በሌላ የሕክምና ምርምር ተሳታፊው በፈለገ ጊዜ «በቃኝ» ብሎ መውጣት ይችላል፤ እዚህ ግን አደጋው የጎረቤትም ስለሆነ መብቱ ጠበብ ይላል። ከሥነ ምግባሩ ክርክር ሁሉ ለእኔ የሚከብደው ይኸኛው ነው። የሃይማኖቱ ጥያቄ ከሚጠበቀው በላይ ገር ሆኗል፤ ብዙ የአይሁድና የእስልምና ሊቃውንት ነፍስ ለማዳን ሲሆን አሳማ መብላትን የሚከለክለው ሕግ አያግድም ይላሉ። የባልቲሞሩን ምርምር ከግሪፊት ጋር የመራው ሙሐመድ ሞሂዩዲንም በፓኪስታን የተወለደ ሙስሊም ነው።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። በ2023 የቻይና ተመራማሪዎች በአሳማ ፅንስ ውስጥ በአብዛኛው የሰው ህዋስ ያለው የኩላሊት ጅማሬ እስከ 28 ቀን አሳድገዋል። ሰው ሠራሽ ልብ በአሜሪካ በ1982 ተገጥሞ ታማሚው 112 ቀን ኖሯል። በቤተ ሙከራ ሙሉ ኩላሊት ማሳደግ ግን ደም የሚያደርሱትን ቀጫጭን ሥሮች መሥራት ላይ ቆሟል።

ወደ ሆስፒታል የቀረበው የአሳማው ኩላሊት ነው። መጋቢት 2024 በቦስተኑ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የተተከለው ኩላሊት 69 ለውጥ ነበረበት፦ ሦስት የተዘጉ የስኳር ዘረ-መሎች፣ ሰባት የገቡ የሰው ዘረ-መሎች፣ የቀሩት 59 ደግሞ የተቦዘኑ የቫይረስ ቅጂዎች። አሳማው ከትንሹ የዩካታን ዝርያ ስለነበር የማደጉ ጉዳይ ብዙም አላሳሰበም። ደም ሲለቀቅበት ኩላሊቱ ሮዝ ሆነ፤ ሽንትም ማፍሰስ ጀመረ፤ በክፍሉ የነበሩት ሁሉ አጨበጨቡ። ታማሚው ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ሞተ፤ ሆስፒታሉ ሞቱ ከኩላሊቱ ጋር መያያዙን የሚያሳይ ምልክት አላገኘም። በ2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለሁለት ኩባንያዎች መደበኛ ሙከራ ፈቀደ። በዚያው ዓመት ጥር እዚያው ቦስተን የአሳማ ኩላሊት የተቀበለ ሌላ ሰው 271 ቀን ያለ እጥበት ኖረ። በጥቅምት ኩላሊቱ እየደከመ ስለመጣ ተነቀለለት፤ ሰውየውም ወደ እጥበቱ ማሽን ተመለሰ።