የኤደንብራ ትራም እና የከተማው ምክር ቤት ቁጥጥር

የኤደንብራ ትራም በስኮትላንድ ዋና ከተማ የሚሠራና ባለቤትነቱ የኤደንብራ ከተማ ምክር ቤት የሆነ የሕዝብ ማመላለሻ ነው። 14 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የመጀመሪያው መስመር እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2014 ሥራ ጀመረ፤ በዓመታት ዘግይቶ፣ ከታቀደው አጥሮ፣ 776 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቶ።

ግንባታውን የመራው ምክር ቤቱ ራሱ ያቋቋመው ኩባንያ ነበር። ተቆጣጣሪና ባለቤት አንድ ሲሆኑ ማን ማንን ይጠይቃል? የስኮትላንድ መንግሥት በበኩሉ 500 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ፣ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱን ግን ከቅርብ ክትትሉ አራቀ።

ስለ ግንባታው መዘግየትና ወጪ በሎርድ ሃርዲ የተመራው ምርመራ በ2014 ታውጆ ሪፖርቱ የወጣው በ2023 ነው፤ ከግንባታው የረዘመ ምርመራ! ሪፖርቱ ዋናውን ጥፋት በኩባንያው ላይ ጣለ፤ የምክር ቤቱ አባላትም ስለ ወጪው የተሳሳተ መረጃ ይቀርብላቸው እንደነበር ገለጠ።

እስከ ኒውሄቨን የተዘረጋው ተጨማሪ መስመር ሪፖርቱ ከመውጣቱ ሦስት ወር ቀድሞ ተከፍቷል።