ራሃድ ወንዝ ዳር፤ የሽርሽራችን ታሪክ

ስለ ማኅበራችን አመሠራረት፣ ስለ እድራችንና ስለ ልጆቻችን ትምህርት በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ሌሎች ገጾች ላይ በሰፊው ተጽፏል። እኛ ደግሞ ብዙ ሰው እንደ ቁም ነገር የማይቆጥረውን፣ በገዳሪፍ ሳለን በየዓመቱ ወንዝ ዳር እየወጣን ያሳለፍነውን ጊዜ ልናስታውሳችሁ ወደድን። ልጆቻችን ገዳሪፍ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚላቸው ስብሰባው ሳይሆን ሽርሽሩ ነውና።

ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። መከሩ ከተሰበሰበ በኋላ ዓይን እስኪያይ ድረስ የተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬት እንጂ ጥላ አይገኝም። ጥላ የሚፈልግ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሀዋታ ወርዶ ራሃድ ወንዝ ዳር መድረስ አለበት። ራሃድም ሆነ ከእርሱ ማዶ ያለው ዲንደር ከጣና በስተ ምዕራብ ካለው ደጋችን ተነሥተው፣ የድንበሩን ጫካ ሰንጥቀው ዓባይ የሚገቡ ወንዞች ናቸው። በክረምት ደፍርሰው ይሞላሉ፤ በበጋ ግን ፍሰታቸው ይቋረጥና አሸዋው መካከል ኩሬ ብቻ ይቀራል። ግራሩ፣ ሁመሩና ዶሙ ግን ዳር ለዳር እንደቆመ ነው።

በዚህ አካባቢ ድንኳን የተከለው የመጀመሪያው እንግዳ እኛ አይደለንም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1861 ክረምቱን አትባራ ወንዝ ዳር ሶፊ በሚባል ቦታ አሳልፎ፣ ከዚያ ሰቲት እያለ በሚጠራው በተከዜያችን ዳርቻ አደን አድኗል። ዝሆንን በፈረስ አባርረው በሰይፍ የሚጥሉትን የሐምራን አዳኞች ጀግንነት በመጽሐፉ አድንቆ ጽፏል። ዝሆኑ ግን እያለቀ ሄደ። የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1935 ተከለለ፤ በ1979 ደግሞ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዘገበ። የፓርኩ ዋና ሰፈር ጋለጉ፣ የጋለጉና የዲንደር ወንዞች በሚገናኙበት፣ በትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። ወንዙ አቅጣጫ ሲቀይር ትቷቸው የሄዳቸው፣ ማያ የሚባሉ ረግረጎች አሉ። በበጋ አውሬው ሁሉ ውኃ ፍለጋ እዚያ ይሰበሰባል። ከድንበሩ ወዲህ ቋራ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 የተከለለው የእኛው አልጣሽ ፓርክ የዚሁ ጫካ ተቀጥላ ነው። አንበሳው ፓስፖርት ስለማይጠየቅ በሁለቱም ይኖራል።

ጋለጉ ድረስ መሄድ ፈቃድም ገንዘብም ስለሚፈልግ ጥቂቶቻችን ብቻ ነን አድረን የመጣነው። ከርከሮና ጅግራ በየጎጆው ደጃፍ ሲዞሩ ያዩ ልጆች ያንን እስከ ዛሬ ያወራሉ። የብዙኃኑ ሽርሽር ግን ራሃድ ዳር ነበር። ጊዜውም ብዙውን ጊዜ የሱዳን የነፃነት በዓል የሚውልበት ጃንዋሪ 1 ነው። ቀኑ የገና ጾም ላይ ስለሚውል ሽሮና ምስር ይያዛል፤ ሙስሊም ወንድሞቻችን ሥጋቸውን ለብቻ ይጠብሳሉ። ከኩሬው አምባዛ የተያዘ እንደሆነ «ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም» የሚለው ክርክር ይነሣል። ክርክሩ መፍትሔ አግኝቶ አያውቅም፤ ዓሣው ግን ተርፎ አያውቅም። አንድ ዓመት ባልታሰበ ዝናብ ሎሪያችን ዋልካው ውስጥ ሰምጦ፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር እዚያው አድረናል።

ያን ሌሊት ነው ብዙዎቻችን የእናቶችን ታሪክ የሰማነው። አንዲት እናታችን ሁልጊዜ ወደ ጫካው ዞረው ይቀመጡ ነበር እንጂ ጀርባቸውን ለጫካው አይሰጡም። ልጆች ኩኩሉ ሲጫወቱ «ከፊቴ ሆናችሁ ተጫወቱ» እያሉ ይቆጡ ስለነበር አመል ይመስለን ነበር። ለካስ በደርግ ጊዜ ቀን ዛፍ ሥር እየተደበቁ፣ ሌሊት እየተጓዙ፣ የታቀፉት ልጅ እንዳያለቅስ አፉን በነጠላ እየሸፈኑ የመጡት በዚሁ ጫካ ኖሯል። ሲነጋጋ ወደ ኩሬው ወርደው ፊታቸውን ታጠቡና፣ ልጆቹን ጠርተው «ይህ የቋራ ውኃ ነው፤ እንደኔው ተሰድዶ የመጣ» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ኩኩሉ አልተከለከለም።

በ2015 ዓ.ም. ለፋሲካ ማግስት ለሰኞ ሌላ ጉዞ ተሰናድቶ፣ ለሎሪው ቀብድ ተከፍሎ ነበር። ሚያዝያ 7፣ ቀዳም ሥዑር ዕለት፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ተጀመረ። ያ ሎሪ ሸሽተው የመጡ ወገኖቻችንን ጭኖ ወደ መተማ ሲመላለስ ሰነበተ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ውጊያው ዲንደር ከተማ ደረሰ። ከፊሎቻችን ገዳሪፍ ቀርተናል፤ ከፊሎቻችን ጎንደርና አዲስ አበባ፣ ሌሎቻችን ባሕር ማዶ ነን። እናታችን ጎንደር ገብተዋል። ድንበሩን የተሻገሩትም በመኪና፣ በቀን ነው።