ሊሾ፦ ከእበት እስከ ሰም

«ሊሾ» አማርኛ አይደለም። ጣሊያንኛ ነው፤ ትርጉሙም «ለስላሳ» ማለት ነው። ግንበኞች በሚሠሩበት ቦታ ጆሮ ጣል ብታደርጉ ሮም የገባችሁ ሊመስላችሁ ይችላል፦ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ካሳፎርማ፣ ጣውላ፣ ስቱኮ፣ ኮርኒስ፣ ዞኮሎ… ጣሊያን 5 ዓመት ቆይቶ ሲባረር ቃላቱን ሰብስቦ ለመሄድ ጊዜ ያገኘ አይመስልም። በተለይ እነ በላይ ዘለቀ ፋታ በነሱት በቢቸና አገር!

ስለ ወለል ታሪክ የሚያወራ ሰው ከተገኘ (ብዙ አይገኝም) የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ጣሊያን መጣ፣ ሲሚንቶ መጣ፣ ወለሉ ለሰለሰ፣ አለቀ። እኛ ግን ይህ ታሪክ ግማሽ ነው እንላለን። ግንበኛው ሊሾውን አፍስሶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ዓመታት ወለሉ ወለል ሆኖ እንዲቆይ የምታደርገውን ሴት ዘሎ ስለ ሊሾ ማውራት፣ ስለ እንጀራ እያወሩ ጋጋሪዋን እንደ መርሳት ነው።

እንግዲህ ከእበት እንጀምር። አፍንጫችሁን አትያዙ፤ የሚሸተው ትኩሱ ነው፤ ሲደርቅ ይለቀዋል። የጎጃም ቤት ወለል ለብዙ መቶ ዓመታት የተደለደለ አፈር ነበር፤ ገጠሩን ብትዞሩ ዛሬም አብዛኛው ይኸው ነው። አፈር ሲረግጡት ይፈረፈራል፣ ሲጠርጉት ይቦናል፣ ውሃ ሲፈስበት ይጨቀያል። መፍትሔው የሚመጣው ከበረት ነው። ትኩስ እበት በውሃ ይለወስና ወለሉ ላይ በእጅ ይለቀለቃል። ላሟ ያኘከችው የሣር ጭረት አፈሩን አንድ ላይ ይይዘዋል፤ ሲደርቅ ስስ ንጣፍ ይሆናል፣ አቧራውም ይተኛል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ የደረቀው ወለል ላይ እጅ ቅስት እየሠራ ያለፈበት መስመር ይታያል። ቀላል ጥበብ አይደለም። ውሃው ከበዛ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ካነሰ ደግሞ አልለጠፍም ይላል።

ይህ ንጣፍ ግን ዕድሜ የለውም። በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ይላጣል። ከዚያ እንደገና እበት፣ እንደገና ማጎንበስ። ዓውደ ዓመት ሲደርስ ቤቱ ተለቅልቆ ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል፤ እንግዳው ቄጠማውን አይቶ «እሰይ፣ ቤቱ አምሯል» ይላል። ከቄጠማው በታች ያለውን ሥራ ያየ የለም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ምሥራቅ ጎጃም አፈር ላይ የኖረው ጠንካራ ማያያዣ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ከቢቸና በስተሰሜን መርጡለ ማርያም አለች። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን በግራኝ ጦርነት ሲጠፋ፣ ኢየሱሳውያኑ በ1620ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደገና ገንብተውት ነበር፤ የተጠረበው የድንጋይ ፍርስራሽ ዛሬም ቆሟል። ከሞጣ ወደ ዓባይ ስትወርዱ ደግሞ ስባራ ድልድይን ታገኛላችሁ፤ በአፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። (ኖራው በእንቁላል ተለውሷል ይባላል። ስለ ጎንደር ግንቦችም እንዲሁ ይባላል። ያን ሁሉ ዶሮ ማን እንዳረባ የሚነግረን ግን የለም።) ኖራ ማቃጠልና ድንጋይን ከድንጋይ ማጣበቅ በዚህ አገር ከ350 ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው። ይሁንና ኖራው ለታቦት ማደሪያና ለንጉሥ መሻገሪያ ሆነ እንጂ እስከ ባላገሯ ጓዳ አልዘለቀም።

ሲሚንቶም ሲመጣ እግሩን እየጎተተ ነው። የመጀመሪያው ፋብሪካ በወረራው ዘመን የተተከለው ድሬዳዋ ነው። ከዚያ ተነስቶ ቢቸና ለመድረስ ቀጥተኛው መንገድ በባቡር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ደጀን፣ ከዚያ ቢቸና ነው። ያን ሁሉ አገር ያቋረጠ ኩንታል ሲሚንቶ ለእግር መርገጫ ቢውል ቅንጦት ቢመስል አይገርምም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባና ምጽዋ፣ በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሙገር፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መቀሌ ላይ መሰቦ፣ በ2004 ደርባ፣ በ2017 ለሚ እየተጨመሩ ሄዱ። ሲሚንቶው እየበዛ ሲሄድ ሊሾም ከመሥሪያ ቤትና ከነጋዴ ቤት እየወጣ ወደ ተራው ሰው ሳሎን ገባ።

በነገራችን ላይ፣ የአገራችን ከተሜ ቤት የዘመነው ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ተተካ። ቀጥሎ ግድግዳው ተመርጎ ቀለም ተቀባ። ወለሉ መጨረሻ። ምክንያቱ አይጠፋችሁም፤ ቆርቆሮ ከመንገድ ያበራል፣ ወለልን ግን ቤት የገባ እንግዳ ካልሆነ ማን ያየዋል? ሙሉ ቀን ስትረግጠው የምትውለው የቤቷ እመቤት ናት፤ እሷን ደግሞ ማን ይጠይቃታል።

ሊሾ ሲሠራ እንዲህ ነው። አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ድንጋይ ይነጠፋል፣ በላዩ ኮንክሪት ይፈስሳል። ከዚያ የአሸዋና የሲሚንቶ ድብልቅ ይደለደላል። ገና ሳይደርቅ ደረቅ የሲሚንቶ ዱቄት ይነሰነስበትና በብረት ማለስለሻ ደጋግሞ ይታሻል፤ ሞገስ የሚፈልግ ቤት ከዱቄቱ ጋር ቀይ ቀለም ያስጨምራል። መስተዋት የሚያስመስለው ያ መታሸት ነው። ቢቸና ላይ ግን አንድ ጠላት አለው፦ ዋልካ። የእነማይ ጥቁር አፈር ለጤፍ ወርቅ ነው፣ ለቤት ግን መከራ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ የተቀመጠ ሊሾ አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይወርዳል፣ ከዚያ ይተረተራል። ስለዚህ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በማያብጥ አፈርና በጠጠር መተካት ግድ ነው። በሊሾ ላይ የምታዩዋቸው የካሬ መስመሮችም ለጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ወለሉ መሰንጠቁ ካልቀረ በመስመሩ ይሰንጠቅ ተብሎ ነው።

የሴቷ ሥራ የሚጀምረው ወለሉ በፈሰሰ ማግስት ነው። አዲስ ሊሾ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውሃ ጋር ተዋህዶ ነው፤ ውሃ ያጣ ሊሾ ላዩ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ጠዋት ማታ በባልዲ እየቀዳች የምታጠጣው ማን እንደሆነች መገመት አያቅትም። በቧንቧ ከመጣ ደግ ነው፤ ካልመጣ ከምንጭ ነው። «ሊሾው አቧራ ይተፋል» ተብሎ በኋላ ግንበኛው ሲረገም፣ አንዳንዴ ጥፋቱ ድብልቁን በውሃ ያቀጠነው የእሱ ነው፤ አንዳንዴ ግን ያ የመጀመሪያው ሳምንት ውሃ ስላልነበረ ነው።

ከዚያ የሰም ዘመን መጣ። (የቅኔ አገር ነውና ሰም ብርቁ አይደለም!) በቆርቆሮ የታሸገ የወለል ሰም ተገዝቶ፣ በጉልበት ተንበርክኮ በጨርቅ ይቀባል፤ ትንሽ ቆይቶ በሌላ ጨርቅ ይታሻል። ሕፃናቱ በብርድ ልብስ ቁራጭ ላይ ቆመው ከግድግዳ ግድግዳ እየተንሸራተቱ ያበሩታል፤ ለእነሱ ጨዋታ ነው። ለእናትየዋ ወይም ለሠራተኛዋ ግን የእበቱ ማጎንበስ ስሙን ቀየረ እንጂ አልቀረም። ይባስ ብሎም ወለሉ ስላበራ ጠብታ ሁሉ መታየት ጀመረ።

ይህ ሁሉ ጉልበት ሲፈስ ስለ ሲሚንቶ ጠባይ የነገራቸው ባለመኖሩ ነው እኛን የሚቆጨን። ሲሚንቶ የኖራ ዘመድ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር ይበላዋል። እድፍ ያስለቅቃል ተብሎ ሎሚ ወይም አቼቶ ሲፈስበት አረፋ የሚያወጣው እድፉ እየለቀቀ ሳይሆን ወለሉ ራሱ እየተበላ ነው። ለመጸዳጃ ቤት የሚሸጠው አሲድ ደግሞ ጭራሽ የሊሾ ገዳይ ነው። በረኪናም ቀዩን ቀለም ሊያደበዝዝ ይችላል። ያስፈለገው ነገር ቀላል ነበር። አሸዋና አቧራ ሲረገጥ እንደ ሞረድ ይፍቃልና መጀመሪያ በደረቁ መጥረግ፤ ከዚያ ጥቂት ለስላሳ ሳሙና ባለው ውሃ መወልወል፤ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ መድገም። ይቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። የሚቀረው የሳሙና ቅሪት ነው ወለሉን የሚያደበዝዘው፤ ከዚያ «ፈዘዘ» ተብሎ ሌላ ሰም ይጨመርበታል። ሰም በሰም ላይ ሲደራረብ ቢጫ ይሆናል፣ አቧራ ይይዛል፣ ሽማግሌ ያንሸራትታል። አሮጌው ሳይነሳ አዲስ አይቀባም።

ወጥ ከተደፋ ዘይቱ ሳይሰርግ ዐመድ ወይም ደረቅ ዱቄት ነስንሶ ማሳደር ነው፤ ይመጥጠዋል። ከግድግዳው ሥር እንደ ጨው የሚያብበው ነጭ ነገር ደግሞ እርጥበት ከመሬት ይዞት የወጣ ስለሆነ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ በውሃ ብታጥቡት ተመልሶ ይገባና ነገ ይወጣል። ነጭ ጋዝ በነካው ጨርቅ ማብራት የሚወዱ ቤቶችም ነበሩ፤ ያበራል አንክድም፣ ግን ክብሪት በሚጫርበት፣ ከሰል በሚቀጣጠልበት ቤት ውስጥ ነው።

«ለወለል ይህን ያህል!» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እሺ፣ ወደ እግር እንሂድ። ሙጀሌ እንቁላሏን የምትጥለው መሬት ላይ ነው፤ ዕጮቿ የሚያድጉት ደረቅና ልቅ በሆነ አፈር ውስጥ ነው፤ ያ ደግሞ ያልተለቀለቀ የአፈር ወለል ማለት ነው። ከዚያ የከፋውም አለ። በልማድ ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት በደጋው አገር ብዙውን ጊዜ በትንኝ የሚመጣ አይደለም። በቀይ አፈር ውስጥ ያሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ በኩል እየገቡ በዓመታት ብዛት የሚያመጡት ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ሁለት ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ነዋሪዎች መካከል 3.3 በመቶው ይህ ሕመም እንዳለበት አግኝቷል። ምክሩ «ጫማ አድርጉ፣ እግራችሁን ታጠቡ» ነው፤ ትክክል ነው። ግን ጫማ የሚወልቀው ቤት ሲገባ ነው። ሙሉ ቀን ቤት ውስጥ በባዶ እግሯ የምትመላለሰው ሴት ወለሏ ያው አፈር ከሆነ ጫማው ግማሽ መድኃኒት ነው።

ሜክሲኮ ይህን በቁጥር አሳይታለች። በ2000 (እ.ኤ.አ.) ኮዋዊላ በተባለው ግዛት መንግሥት የአፈር ወለል ላላቸው ቤቶች ሲሚንቶ ማፍሰስ ጀመረ። ለአንድ ቤት እስከ 50 ካሬ ሜትር ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። በ2009 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የአፈር ወለሉ ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ ሲተካ በሕፃናት ላይ የአንጀት ተውሳክ በ78 በመቶ፣ ተቅማጥ በ49 በመቶ፣ የደም ማነስ በ81 በመቶ ቀነሰ። እናቶቹም በኑሯቸው ይበልጥ ደስተኛ እንደሆኑ፣ ጭንቀታቸውም እንደ ቀነሰ ተናግረዋል። የቢቸና ሴቶች ቢጠየቁ ለዚህ ጥናት ባላስፈለገም እንላለን።

አሁን ደግሞ ሊሾ ያረጀበት ሆኗል። ከተሜው ደህና ሊሾ ላይ ሴራሚክ ይለጥፋል፤ ያልቻለ የፕላስቲክ ምንጣፍ ያነጥፋል፣ ከሥሩ እርጥበት ታፍኖ ይሻግታል። ብዙ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ባለ ዕድሎችም ቁልፍ እንደ ተቀበሉ የመጀመሪያ ሥራቸው ሊሾውን መሸፈን ነበር። ይህ በእንዲህ እንዳለ ዘመናዊ ነን የሚሉት ካፌዎች ኮንክሪታቸውን በማሽን አስፍቀው፣ በማጠንከሪያ ፈሳሽ አስጠጥተው፣ ራቁቱን ያሳዩናል። ማኪያቶው ላይ የሚጨመረው ዋጋ ምናልባት የሊሾው ይሆናል!

ሲሚንቶ መግዛት ለማይችለው ባላገር ግን ሌላ መንገድ አለ። ሩዋንዳ ውስጥ የቤት ወለል በጠጠርና በተመረጠ አፈር ተጠቅጥቆ፣ ለስልሶ፣ ከደረቀ በኋላ ከተልባ የሚዘጋጅ ዘይት ይጠጣል። ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋህዶ ሲጠነክር ወለሉ በውሃ የሚወለወል ይሆናል፤ ዋጋውም ከሲሚንቶ በብዙ ይረክሳል። ለቅለቃ የሚያውቅ እጅ ይህን ለመልመድ ብዙ ቀን አይፈጅበትም። ቅቡን የሚሞክር ካለ አንድ ነገር ይያዝልን፦ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨባብጦ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ተዘርግቶ ይድረቅ።